አቧራ የነካው ብርሃን ከሌላው በምን ይለያል?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ያረጁ ኮከቦችን የሚሸፍነውን አቧራ ለማጥናት ፖላራይዝድ የሆነ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይጠቀማሉ ሲባል አነበብኩ። ኢንፍራሬዱ ይገባኛል፤ አቧራን አልፎ ያሳያል። ፖላራይዜሽኑ ግን ምን ይጨምራል? ተራ ፎቶ ማንሳት አይበቃም ወይ? ደግሞስ ማንም ሄዶ ያልነካውን ቅንጣት መጠኑ ይህን ያህል ነው የሚሉት ከየት አምጥተው ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በተለይ የመጨረሻዋ። ብዙ ሰው እሷን ሳይጠይቅ ነው የሚያልፈው። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳህ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ፖላራይዜሽንን በገዛ ዓይንህ እየው። ፖላራይዝድ የሚባለውን ዓይነት የፀሐይ መነጽር ፈልግ፤ ከሌለህ ተዋስ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ጠዋት ወይም ወደ ማታ ላይ ውጣ። ፀሐይዋን በጎንህ አድርጋት፤ ወደ እሷ በፍጹም እንዳትመለከት። ከፀሐይዋ 90 ዲግሪ ርቆ ያለውን ሰማይ በመነጽሩ እያየህ መነጽሩን ቀስ ብለህ አሽከርክር። ሰማዩ ይጠቁራል፣ መልሶ ይፈካል፣ ደግሞ ይጠቁራል። አጠገቡ ደመና ካለ ደመናው ግን እምብዛም አይለወጥም። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ካየኸው ከዚህ በታች የምጽፈው ግማሹ ገብቶሃል ማለት ነው።

ምን ሆኖ ነው? ብርሃን ሲጓዝ ወደ ጎን ይርገበገባል። ከፀሐይ የሚወጣው በሁሉም አቅጣጫ እየተርገበገበ ነው የሚመጣው፤ ወደ ላይና ወደ ታችም፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝም፣ በመሃላቸው ባለውም ሁሉ። የሚያደላለት አቅጣጫ የለውም። ይህ ብርሃን የአየር ሞለኪውል ላይ አርፎ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ወደ አንተ ሲመጣ ግን ከርግብግቢቶቹ አንዱ ብቻ ነው የሚተርፈው። ሌላው ወደ አንተ በሚያመጣው መስመር ላይ ራሱ የተኛ ነው፤ ብርሃን ደግሞ በሚሄድበት አቅጣጫ አይርገበገብምና እዚያው ይቀራል። የተረፈው ወደ አንድ ወገን ብቻ ይርገበገባል። ፖላራይዝድ ሆነ የምንለው ይሄኔ ነው። መነጽርህ አንዱን ወገን አሳልፎ ሌላውን ስለሚከለክል ሰማዩን ያጠቁረዋል። ደመናው ውስጥ ግን ብርሃኑ ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው ብዙ ጊዜ ስለሚላተም ሥርዓቱ ይበተናል።

አሁን ፀሐይዋን በኮከብ፣ አየሩን በአቧራ ተካ። የእኛ ሥራ ይኸው ነው። ኮከቡ በቀጥታ የሚልከው ብርሃን በአብዛኛው ፖላራይዝድ አይደለም። አቧራ ላይ አርፎ የተበተነው ግን ነው። ስለዚህ ፖላራይዜሽን ለእኛ እንደ ማኅተም ነው፤ «ይህ ብርሃን በመንገዱ አቧራ ነክቷል» የሚል ማኅተም።

ያረጀ ኮከብ ስንል የትኛውን እንደሆነም ላስቀምጥ። ክብደታቸው ከፀሐይ ጋር ከሚቀራረብ አንስቶ እስከ 8 እጥፍ ገደማ የሆኑ ኮከቦች ወደ መጨረሻቸው ሲቃረቡ ይነፋሉ። ሬዲየሳቸው የፀሐይን ብዙ መቶ ጊዜ ይሆናል። ገጻቸው ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይ 5,800 ኬልቪን ገደማ ስትሆን እነሱ ከ2,500 እስከ 3,000 ይወርዳሉ። ወራት በሚፈጅ ዑደት ይተልቃሉ፣ ይኮማተራሉ። በዚህ መሃል ጋዝ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ወደ አቧራ ይረጋል። ኦክስጅን የሚበዛበት ኮከብ ሲሊኬት ይሠራል፤ የድንጋይ ዘመድ ነው። ካርቦን የሚበዛበት ደግሞ ጥላሸት የሚመስል ነገርና ሲሊኮን ካርባይድ ይሠራል። አቧራውና ጋዙ አብረው በሰከንድ ከ5 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይነፍሳሉ። ነፋሱ ሲበረታ ኮከቡ በዓመት እስከ አንድ አሥር ሺህኛ የፀሐይ ክብደት ሊያጣ ይችላል። ትንሽ ይመስላል እንጂ በዚህ አካሄድ ኮከቡ በአሥር ሺህ ዓመት ውስጥ ልብሱን ሁሉ፣ ማለትም ውጫዊ ጋዙን፣ አውልቆ ይጨርሳል። የእኛዋ ፀሐይም ከ5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ቆይታ እዚያው መንገድ ላይ ትገባለች።

ኢንፍራሬዱ ገብቶኛል ብለሃል። ልክ ነህ፣ ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ። 2,800 ኬልቪን ያለው ኮከብ ዋናውን ብርሃኑን የሚያወጣው የሞገድ ርዝመቱ 1 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) አካባቢ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ኢንፍራሬድ ነው። ማለትም እዚያ የምንሄደው አቧራውን አልፈን ለማየት ብቻ ሳይሆን ኮከቡ ራሱ መብራቱን የተከለው እዚያ ስለሆነም ነው። አቧራውን የሚያበራልን እሱ ነዋ። በዚያ ላይ የከባቢ አየርን መናወጥ የሚያርሙት ተለዋዋጭ መስተዋቶች ከሚታየው ብርሃን ይልቅ ኢንፍራሬድ ላይ በተሻለ ይሠራሉ።

ታዲያ ተራ ፎቶ ለምን አይበቃም?

ችግሩ ኮከቡ በጣም መድመቁ ነው። አቧራው ከኮከቡ አንድ ሁለት ሬዲየስ ርቆ ነው ያለው። አር ዶራዱስን እንውሰድ። ከፀሐይ ቀጥሎ ከምድር ሲታይ ትልቁን ስፋት ከያዙት ኮከቦች አንዱ ነው። እንዲያም ሆኖ የሚታየው ከ36 ኪሎ ሜትር ርቀት 1 ሳንቲሜትር የሆነን ነገር እንደማየት ነው። ቴሌስኮፕ ደግሞ የኮከቡን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ አያቆመውም፤ ዙሪያውን ይረጨዋል። በተራ ፎቶ ላይ ያ የተረጨ ብርሃን የአቧራውን ደካማ ብርሃን ድራሹን ያጠፋዋል።

እዚህ ላይ ነው ማኅተሙ የሚጠቅመው። ካሜራው ውስጥ አንድ ፕሪዝም ይገባል። ብርሃኑን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚርገበገበው፣ ሌላው ወደ ጎን የሚርገበገበው። ሁለቱም ምስሎች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ከዚያ አንዱን ከሌላው ትቀንሳለህ። የኮከቡ ብርሃን አድልዎ ስለሌለው ለሁለቱም እኩል ደርሷል፤ ሲቀናነስ ዜሮ ይሆናል። የአቧራው ግን እኩል ስላልተከፈለ ይተርፋል። ኮከቡ ጠፍቶ አቧራው ይቀራል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪን ላይ ስታየው፣ አንድ አፍጣጭ ነጥብ የነበረው ቦታ ላይ ቀለበት ወይም ክንፍ ብቅ ሲል፣ ዓመታት ቢያልፉም ከልብ አይወጣም። ሃዋይ ማውና ኬያ ላይ ባለው 3.8 ሜትር የእንግሊዝ ኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ልብሳቸውን አውልቀው ሊጨርሱ የደረሱ ኮከቦች በዚህ መንገድ ተጠንተው ነበር። በተራ ምስል ነጥብ ብቻ የሚመስሉት ሳይቀሩ ሽፋንና ክንፍ እንዳላቸው የታየው በፖላራይዜሽኑ ነው።

በተግባር አንድ ቅነሳ አይበቃም። ፕሪዝሙ ፊት «ሃፍ ዌቭ ፕሌት» የሚባል ስስ ክሪስታል ይቀመጣል። እሱን 45 ዲግሪ ስታዞረው የብርሃኑ ርግብግቢት 90 ዲግሪ ይዞራል፤ ሁለቱ ምስሎች ቦታ ይለዋወጣሉ። አንዱ የካሜራው ክፍል ከሌላው ትንሽ ቢነቃ ወይም ቢፈዝ ስህተቱ በዚህ ይሰረዛል። ደግሞ 22.5 እና 67.5 ዲግሪ ላይ ትደግመዋለህ፤ ያለዚያ ዘንበል ብለው የሚርገበገቡት ያመልጡሃል። አራት ዙር ማለት ነው። ሁሉንም አገጣጥመህ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ነገር ታገኛለህ፦ ስንት በመቶው ፖላራይዝድ ነው፣ ወደ የትኛው አቅጣጫስ ይርገበገባል። አቅጣጫውን ምስሉ ላይ በትንንሽ መስመሮች እንስለዋለን።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርህ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ኮከብ ዙሪያ ጥሩ ፖላራይዜሽን አገኘሁ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ቀረሁ። መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደሉ ነበሩ። አንድ ያልተመጣጠነ ሽፋን ነው ብዬ ጽፌ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ለማመሳከሪያ የተነሳውን፣ ምንም አቧራ የሌለውን ኮከብ ሳየው ያው ፖላራይዜሽን፣ ያው ማዕዘን። ኮከቡ አልነበረም፤ መሣሪያው ውስጥ ብርሃኑን በ45 ዲግሪ የሚያጥፈው መስተዋት ነበር። መስተዋትም ብርሃንን ፖላራይዝድ ያደርጋል፤ ፈረንሳዊው ማሉስ በ1808 ነገሩን የደረሰበት ከመስኮት መስታወት ላይ ያንጸባረቀን የጀምበር መጥለቂያ ብርሃን በክሪስታል ሲያይ አይደል! ከዚያ ቀን ወዲህ ማመሳከሪያውን ኮከብ ሳላይ ውጤት አላይም። አንተም የሰው ውጤት ስታነብ የመሣሪያው ፖላራይዜሽን እንዴት እንደተቀነሰ ያልተጻፈበት ከሆነ ተጠራጠር።

አቅጣጫው ራሱ ምን ይነግረናል? ብዙ ነገር። የተበተነ ብርሃን ርግብግቢቱ ከመብራቱ ከመጣበት መስመር ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራል። ስለዚህ አንድ ኮከብ በመሃል ሆኖ ዙሪያውን አቧራ ሲያበራ መስመሮቹ እንደ ቀለበት ኮከቡን ይከቡታል። ይህንን ወደ ኋላ መልሰህ ማንበብ ትችላለህ። በየመስመሩ ላይ በ90 ዲግሪ የሚያቋርጠው ሌላ መስመር ስበህ አስረዝመው፤ ሁሉም የሚገናኙበት ቦታ መብራቱ ያለበት ነው። መብራቱን ማየት ባትችልም እንኳ።

የእንቁላል ኔቡላ የሚባለው ላይ የሆነው ይኸው ነው። እዚያ ኮከቡ በወፍራም የአቧራ ቀበቶ ታፍኖ በቀጥታ አይታይም። የሚታዩት ከቀበቶው በላይና በታች የሚወጡ ሁለት ብርሃናማ ክንፎች ናቸው። ሐብል ቴሌስኮፕ ላይ በ1997 እ.ኤ.አ. የተገጠመው ኒክሞስ የሚባል ካሜራ በ2 ማይክሮን ፖላራይዜሽኑን ለካ። መስመሮቹ ወደ ኋላ ሲሳቡ ጨለማው ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። ኮከቡ እዚያ ነው። በዓይን ያልታየ ነገር አድራሻው እንዲህ በጥራት ሲገኝ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

መቶኛው ደግሞ ጥልቀትን ይናገራል። ፎቶ ጠፍጣፋ ነው፤ የትኛው አቧራ ከኮከቡ ፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ አይለይም። ነገር ግን በ90 ዲግሪ የታጠፈ ብርሃን በጣም ፖላራይዝድ ነው፣ ትንሽ ብቻ የታጠፈው ወይም ወደ ኋላ የተመለሰው ግን አይደለም። ስለዚህ ከኮከቡ ጎን ያለው አቧራ ጎልቶ ይወጣል፣ ፊቱና ጀርባው ያለው ይደበዝዛል። ኤል ቱ ፐፒስ የሚባለው፣ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው ኮከብ ላይ ይህ ተሠርቶበታል። ቺሊ ያለው ቪኤልቲ ቴሌስኮፕ በኢንፍራሬድ ሲያየው በ1 ማይክሮን አካባቢ ኮከቡን የሚያቋርጥ ጥቁር ቀበቶ ታየ፤ በ4 ማይክሮን ደግሞ ያው ቀበቶ በራሱ ሙቀት በራ። በጎኑ የምናየው የአቧራ ዲስክ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ እዚያው ቪኤልቲ ላይ ያለው ስፌር የሚባለው መሣሪያ ፖላራይዜሽኑን ሲለካ፣ ይህኛው በሚታየው ብርሃን ነው፣ የዲስኩ ውስጠኛ ጠርዝ ከኮከቡ የመሬትና የፀሐይን ርቀት 6 ጊዜ ያህል እንደሚርቅ ታወቀ።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ጥያቄህ። መጠኑ ከየት መጣ?

ቁልፉ የቅንጣቱን መጠን ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ጋር ማወዳደር ነው። ቅንጣቱ ከሞገዱ በጣም ካነሰ እንደ አየር ሞለኪውል ይሆናል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይበትናል፣ በ90 ዲግሪ ላይ ፖላራይዜሽኑ ወደ 100 በመቶ ይጠጋል። ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ደግሞ የመበተን አቅሙ በኃይል ይወድቃል፤ ከ1.25 ወደ 2.2 ማይክሮን ስትሄድ 10 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ቅንጣቱ ወደ ሞገዱ መጠን ሲጠጋ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ብርሃኑን በብዛት ወደ ፊት ይወረውራል፣ ፖላራይዜሽኑ ይወርዳል፣ አንዳንዴም አቅጣጫው ይገለበጣል።

«እንግዲያው መቶኛውን አይቶ መጠኑን መናገር ነዋ» እንዳትል። ይህ ክርክር ውሃ አይቋጥርም። ዝቅ ያለ ፖላራይዜሽን ትልቅ ቅንጣት ሊሆን ይችላል። ማዕዘኑ 90 ባይሆንም ዝቅ ይላል። እንደ ደመናው ብዙ ጊዜ ሲላተምም ዝቅ ይላል። ከ3 ማይክሮን በላይ ስትሄድ አቧራው ራሱ በሙቀቱ የሚያወጣው ብርሃን ተቀላቅሎ ያቀጥነዋል። መውጫው በብዙ ቀለም፣ ማለትም በብዙ የሞገድ ርዝመት፣ መለካት ነው። ልብ በል፦ አቧራው የተቀመጠበት ማዕዘን ቀለም ስትቀይር አይለወጥም። ቦታው ያው ነው። ስለዚህ ከ1.25 ወደ 1.65፣ ከዚያ ወደ 2.2 ማይክሮን ስትሄድ የተለወጠው ነገር በአብዛኛው ከቅንጣቱ ጠባይ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተር ላይ ይህን ያህል መጠን፣ ከዚህ ቁስ የተሠራ እያልክ እየሞከርክ ሁሉንም ቀለም በአንድ ላይ የሚያስረዳውን የምትፈልገው። ብዙ ድካም ያለው እዚህ ነው። ሲሊኬት ይሁን ካርቦን ደግሞ ከሌላ መንገድ ታገኘዋለህ፤ ሲሊኬት 9.7 ማይክሮን ላይ፣ ሲሊኮን ካርባይድ 11.3 ማይክሮን አካባቢ ምልክታቸውን ይተዋሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ነፋሱን ማን እንደሚገፋው ለማወቅ ነው። ድሮ መልሱ ቀላል ይመስል ነበር፤ ብርሃን አቧራውን ይገፋል፣ አቧራው ጋዙን ይጎትታል። ለካርቦን ኮከቦች ጥሩ ይሠራል፤ ጥላሸት ብርሃን ይውጣላ። ኦክስጅን የሚበዛባቸው ላይ ግን ችግር አለ። ብረት ያለበት ሲሊኬት ኮከቡ አጠገብ ብርሃን ውጦ ይግላል፣ ይተናል። ብረት የሌለበት አይተንም፤ ግን እንደ መስታወት ብርሃኑን ያሳልፈዋል፣ ስለዚህ አይገፋም። ስዊድን ውስጥ የምትሠራው ተመራማሪ ሱዛን ሆፍነር በ2008 እ.ኤ.አ. አንድ መውጫ አቀረበች፦ ቅንጣቶቹ ከፍ ካሉ፣ ወደ ማይክሮን መጠን ከተጠጉ፣ ብርሃኑን ባይውጡትም ይበትኑታል፤ መበተን ደግሞ ይገፋል።

በ2012 እ.ኤ.አ. ባርናቢ ኖሪስና ባልደረቦቹ ይህን ሄደው ለኩት። ቪኤልቲ ላይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሳህን ካሜራው ውስጥ ብርሃኑ በሚያልፍበት ላይ ጋርደው፣ በኢንፍራሬድ ፖላራይዝድ ብርሃን አር ዶራዱስን፣ ደብልዩ ሃይድሬንና አር ሊዮኒስን አዩ። ከኮከቡ መሃል ሁለት ሬዲየስ እንኳ ሳይሞላ፣ ሬዲየሳቸው 0.3 ማይክሮን ገደማ የሆኑ ቅንጣቶች አገኙ። ዳር እስከ ዳር ከፀጉር ውፍረት 100 ጊዜ ያህል ያንሳሉ። ለመበተን ግን በቂ ናቸው። ከዚያ በ2015 እ.ኤ.አ. በጣም ግዙፉ ቪዋይ ካኒስ ሜጀሪስ ላይ ስፌር በአማካይ 0.5 ማይክሮን የሆነ አቧራ ለካ። ነገሩ የተዘጋ መስሎ ነበር።

አልተዘጋም። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ የስፌር ጥናት ራሱን አር ዶራዱስን እንደገና አይቶ፣ ቅንጣቶቹ ነፋሱን ብቻቸውን ለመግፋት ያንሳሉ አለ። የኮከቡ መተንፈስ፣ ማለትም መተለቁና መኮማተሩ፣ እንዲሁም ገጹ ላይ የሚፈሉት ግዙፍ የጋዝ አረፋዎች ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል ወደሚል እየተሄደ ነው። የእኔን አስተያየት ከጠየቅኸኝ፣ አቧራውም አረፋውም አብረው ይሠራሉ ባይ ነኝ፤ ማን ምን ያህል እንደሚይዝ ግን ከኮከብ ኮከብ የሚለያይ ይመስለኛል። ይህን የሚለየው ያንኑ ኮከብ በአንድ የመተንፈስ ዑደት ውስጥ ደጋግሞ በብዙ ቀለም መለካት ነው እንጂ የአንድ ሌሊት ምስል አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፖላራይዜሽን ሁሉ ከመበተን አይመጣም። ረዘም ረዘም ያሉ ቅንጣቶች በማግኔት መስክ ወይም በብርሃን ኃይል ወደ አንድ ወገን ከተሰለፉ፣ በእነሱ ውስጥ ያለፈ ብርሃንም ፖላራይዝድ ይሆናል። በእኛና በኮከቡ መሃል ያለው የኅዋ አቧራም ይህንን ያደርጋል። ለዚህ ነው ቀለበት የሠራውን ከቀለበቱ ውጭ ካለው ለይተን የምናሰላው። ሌላው ደግሞ፣ ኮከቡ ሩቅ ሆኖ እንደ አንድ ነጥብ ብቻ ከታየና ሽፋኑ ክብ ከሆነ፣ ቀለበቱ ራሱን በራሱ አጥፍቶ ዜሮ ይሰጥሃል። ዜሮ ስላየህ አቧራ የለም አትበል። ዜሮ ካልሆነ ግን፣ ከመሃል ያለው የኅዋ አቧራ ከተቀነሰለት በኋላ፣ ሽፋኑ ክብ አይደለም ማለት ትችላለህ።

«ማንም ያልነካው» ባልከው ላይ ብቻ ትንሽ ላርምህ። ከእነዚህ ቅንጣቶች ጥቂቶቹን ሰው ነክቷቸዋል። በ1969 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ መርቺሰን ላይ የወደቀው ሜትሮራይት ውስጥ ፀሐይ ከመወለዷ በፊት የተሠሩ የሲሊኮን ካርባይድ ቅንጣቶች ተገኝተዋል። አይሶቶፓቸው (የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የሚለያይ አተሞች ምጣኔ) ሲለካ አብዛኞቹ እንዲህ ካሉ ያረጁ፣ ካርቦን ከሚበዛባቸው ኮከቦች የወጡ ናቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር፣ ብዙዎቹ ከማይክሮን ክፍልፋይ እስከ ጥቂት ማይክሮን ይለካሉ።